ሁለት ረቂቅ፣ አንድ ስም

መኪናዋ ሉባባ ይማም በር ላይ የቆመችው ማክሰኞ ጥቅምት 9 ቀን 2081 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሹፌር የላትም። የኋላ በሯ ተከፈተና አንድ ረዥም ሽማግሌ ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ። ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ በግራ እጃቸው ትንሽ ሻንጣ ይዘዋል። ሉባባ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ደጃፏ ላይ ቆማ አባቷን ስትጠብቅ ነበር። አባቷ አጭር ሰው ናቸው።

«ደረስኩ» አሉ ሽማግሌው።

መኪናዋ በሯን ዘግታ ሄደች። መዝጊያው ላይ ያለው ሰሌዳ በራና ጽሑፍ አወጣ፦ «ደምለው ካሳዬ፣ 81 ዓመት። ተቀባይና ኃላፊ፦ ሉባባ ይማም። ውሳኔው ተፈጽሟል።»

«ተሳስተው ነው የመጡት፣ አባባ» አለች ሉባባ። «እኔ የምጠብቀው አባቴን ነው።»

«ሰሌዳው ምን ይላል?»

«እኔ ጋ ነው የሚለው።»

«እንግዲህ» አሉ፤ ሻንጣቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ፀሐዩ ይፋጅ ነበር። ሉባባ ሽማግሌ በር ላይ አቁሞ መነጋገር አስጠላትና «ይግቡ» አለቻቸው።

ሉባባ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። ሥራዋ በመብራት ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየች ክር የተበጠሰበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው። አባቷ ይማም ሙሄ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ሲሆን ወረኢሉ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስኳር አለባቸው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷን ወደ ራሷ ቤት ለማምጣት ስምንት ወር ማስረጃ ስታሰባስብ ቆየች። የክፍሉን ስፋት አስለካች፤ አልጋ ገዛች፤ የጤና ዕቅዳቸውን አያያዘች። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዐሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ ጥያቄዋን አስገባች። ውሳኔው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ወጣ። «የይማም ሙሄ የመኖሪያ ውሳኔ» የሚለውን ርዕስ አይታ ዘጋችው።

ያን ጊዜ ውሳኔ የሚያነብ ሰው አልነበረም። በሩ ያነባል፣ አውቶቡሱ ያነባል፣ ፋርማሲው ያነባል። የሉባባ ጎረቤት ወይዘሮ የሺመቤት ባለፈው ዓመት ለሦስት ሳምንት የሰፈሩ ዳቦ ቤት በሩን አልከፈተላቸውም። ለምን ብለው አልጠየቁም። ሌላ ሰፈር እየሄዱ ገዙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተከፈተላቸው፤ ያኔም አልጠየቁም።

ሉባባ ሻይ አፍልታ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው።

«ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

«አላውቅም ልጄ። ግቡ ተባልኩ፣ ገባሁ።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከሐይቅ።»

«ልጅ የለዎትም?»

ሽማግሌው ሻዩን ለረጅም ጊዜ አማሰሉት። ስኳር አልጨመሩበትም ነበር።

«የለኝም» አሉ።

ሉባባ ወደ ጓዳ ገብታ አባቷ ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ወረኢሉ ያሉት ጎረቤታቸው አቶ ሰይድ ጋ ደወለች። አቶ ሰይድ እንዳሉት አባቷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በመኪና ሄደዋል። አዲሱን ሸሚዛቸውን ለብሰው ነበር። የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተዋቸው «ልጄ ዘንድ ነው የምሄደው፤ በጎቹን አደራ» ብለዋል።

ከዚያ ውሳኔዎቹን ወደሚያወጣው ሰነድ ቤት ደወለች። የሰነድ ቤቱ ድምፅ የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ አይቸኩልም።

«የይማም ሙሄ ውሳኔ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተፈጽሟል።»

«የት ነው ያለው?»

«የይማም ሙሄ ኃላፊ እርስዎ አይደሉም። መረጃውን ለኃላፊው ብቻ ነው የምንሰጠው።»

«ልጁ ነኝ እኮ!»

«ልጅነትዎ ተመዝግቧል። ኃላፊው ግን ሌላ ሰው ነው። እርስዎ የደምለው ካሳዬ ኃላፊ ነዎት። ስለ ደምለው ካሳዬ መጠየቅ ይፈልጋሉ?»

ስለ ደምለው ካሳዬ ጠየቀች። በፊት ማን ዘንድ እንደነበሩ፣ ዘመድ እንዳላቸው ጠየቀች። አዲስ ውሳኔ ሲወጣ የቀድሞ ኃላፊ ስም እንደሚሸሸግ ድምፁ በትሕትና ነገራት።

ማታ ዶሮ ቀርቦ ነበር፤ ለአባቷ መምጫ ያሳረደችው ነው። አቶ ደምለው እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና ሳህኑን አይተው «ዛሬ እጾማለሁ» አሉ። ማክሰኞ ነበር። ሉባባ ነገሩ ገባት፤ ተነሥታ ሽሮ ሠራች። ወሎ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ንግግር አያስፈልገውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሥጋ አልተሠራም፤ እሷም ሽሮና ምስር በላች።

በማግስቱ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ ሰነድ ቤት ሄደች። በጠባቡ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ያህል መስኮቶች ተደርድረዋል፤ ከመስኮቶቹ ኋላ ሰው የለም። ጉዳይዋን ተናገረች። መስኮቱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ አንድ ሰነድ አወጣላት። ደምለው ካሳዬ በጥሩ ሁኔታ በሉባባ ይማም ቤት እንደሚኖሩ የሚያረጋግጥ ነበር። ሐሙስ በሌላ መስኮት ሞከረች። ዓርብ «አቤቱታ» የሚለውን መረጠች። በየቀኑ እየተመላለሰች ሳምንት ሲሞላት ስድስት ማረጋገጫዎች ነበሯት፤ ሁሉም ማኅተም አላቸው።

እቤት ስትመለስ አቶ ደምለው የሆነ ነገር ሠርተው ይጠብቋታል። የጓዳውን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አጠበቁት። የወንበሩን የተሰበረ እግር በሽቦ ጠፍረው አቆሙት። አልጋቸውን ያነጥፋሉ፤ አንሶላው ሰው የተኛበት አይመስልም። ብዙ አያወሩም። የጭነት ባቡሩ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ሲያልፍ ብቻ ወደ መስኮቱ ሄደው፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆመው ያዳምጣሉ።

«ዛሬስ ምን አሉሽ?» ይሏታል።

«ደህና ነዎት አሉኝ።»

ጠዋትና ማታ ግድግዳው ላይ ያለው የመድኃኒት ሳጥን «ደምለው ካሳዬ» ብሎ ይጣራል። አቶ ደምለው ይሄዳሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ። ሳጥኑ «ተወስዷል» ይላል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ ጥቅምት 17፣ ሉባባ ልብስ ለማጠብ ኮታቸውን አነሣች። ኪሶቹን ስትፈትሽ በውስጠኛው ኪስ ውስጥ የተቋጠረ መሐረብ አገኘች። ፈታችው። ዐሥራ ስድስት ክኒኖች ነበሩበት። ትናንሽ፣ ሞላላ፣ መሐላቸው ላይ መስመር ያላቸው፣ አረንጓዴነት የሚያጠቃቸው ክኒኖች። ሉባባ እነዚህን ክኒኖች ታውቃቸዋለች። ለሰባት ዓመት ያህል በየወሩ ወደ ወረኢሉ ስትልክ የኖረችው እነሱን ነው።

አቶ ደምለው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። መሐረቡን ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የአባቴ መድኃኒት ነው።»

አቶ ደምለው ዐይናቸውን ክኒኖቹ ላይ አሳረፉ።

«ስኳር አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ የእርስዎ መድኃኒት ምንድን ነው?»

«የደም ግፊት» አሉ። «ኃይለኛ ነው። ከወሰድኩ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አለብኝ፤ አለበለዚያ ያዞረኛል።»

ሉባባ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ነገር በቀስታ ስታሰላ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። የአባቷ መድኃኒት እዚህ ከመጣ፣ የእሳቸው መድኃኒት የሄደው አባቷ ወዳሉበት ነው።

«አባቴ ግፊት የለበትም» አለች። «የት ነው ያለው? ያውቃሉ፣ አይደል?»

«ሚሌ» አሉ አቶ ደምለው። «ሚሌ አጠገብ የአረጋውያን ማረፊያ አለ። እኔን የላኩኝ ወደዚያ ነበር። እኔ እዚህ ካለሁ፣ እሳቸው እዚያ ናቸው።»

«ማን ነው የላከዎት?»

«ልጄ።»

«ልጅ የለኝም ብለውኝ ነበር።»

«አለኝ። ሞገስ ይባላል። ሐዲድ ጠጋኝ ነው፤ በወር ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ወድቄ አንድ ቀን ተኩል መሬት ላይ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ፈራ። አልፈርድበትም።» ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ሻንጣዬን ራሱ አዘጋጀልኝ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ወደ ባቲ እንቀጥላለን ብዬ ስጠብቅ መኪናዋ ወደ ሰፈር ታጠፈች። ስህተት እንደሆነ አወቅኩ። አንቺ በር ላይ ቆመሻል። ይግቡ አልሽኝ። ሻይ አመጣሽልኝ።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ! በየቀኑ ስሄድ እያዩ!»

«ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ በየጠዋቱ። ማታ ትመጪያለሽ፣ ሽሮ ትሠሪያለሽ። ነገ እላለሁ።»

ሉባባ አልጮኸችም። ኮቱን መልሳ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸውና «የልጅዎን ቁጥር ይስጡኝ» አለች። በቃላቸው ያውቁት ነበር። አንድ በአንድ ነገሯት።

ሞገስ ደምለው በመጀመሪያ አላመናትም። «ውሳኔው ተፈጽሟል የሚል መልእክት ደርሶኛል፣ እህቴ» አላት። ከኋላው የብረት ድምፅ ይሰማል። «ዐሥራ አምስት ቀን የመላመጃ ጊዜ ነው፤ ስልካቸውን ሰብስበዋል፤ መጠየቅም አይቻልም ተብያለሁ።» ሉባባ ስልኩን ለአቶ ደምለው ሰጠቻቸው። እሳቸው «ሞገስ» አሉ። «ሚሌ አይደለሁም።» በዚያኛው በኩል የብረቱ ድምፅ ቆመ።

ሞገስ ሌሊቱን ተጉዞ ሐሙስ ጠዋት ሰነድ ቤቱ በር ላይ ተገኘ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። የቆመው ፊት ለፊቷ ሆኖ ሳለ ዐይኗን አላያትም። መስኮቱ ዘንድ ቀርቦ ስለ ይማም ሙሄ ጠየቀ። ኃላፊው እሱ ስለነበር ሁሉንም ነገረው። ሞገስ ጽሑፉን ለሉባባ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ይማም ሙሄ። ሚሌ ማረፊያ፣ አልጋ ቁጥር ሦስት። ለቀረበላቸው ምግብ በከፊል ፈቃደኛ አይደሉም፤ ዳቦና ምስር ብቻ ይመገባሉ። ጥቅምት 15 ከመድኃኒት በኋላ ሲነሡ ወድቀዋል። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ታስሯል። ከኃላፊው የሚጠበቅ ተግባር የለም።»

ሉባባ «ድገምልኝ» አለችው። ደገመላት።

«ማረሚያ እንጠይቅ» አለ ሞገስ። መስኮቱ ማረሚያ የሚፈጸመው ሁለቱም ኃላፊዎች በአካል ምድር ቤት ወደሚገኘው ረቂቅ ክፍል ሲቀርቡ መሆኑን ገለጸላቸው። ከስድስቱ ማረጋገጫዎች አንዱም ይህን ነግሯት አያውቅም፤ አንድ ኃላፊ ብቻውን ሲጠይቅ የማይወጣ መረጃ ነው።

ረቂቅ ክፍል ውስጥ ሰው ነበር። ፀዳለ ወንድይፍራው ትባላለች፤ አርባ ዓመት አይሞላትም። በሕንጻው ውስጥ ያለች ብቸኛ ሠራተኛ እሷ ናት። መሳቢያዋ ውስጥ ቆሎ አስቀምጣ እየቆረጠመች ነበር። ሁለቱን ሲገቡ ስታይ ቆሎውን ዘጋችና «የትኞቹ ሁለት ናችሁ?» አለች።

ሁለቱን ሰነዶች አውጥታ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ብዙ አልፈለገችም፤ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይኸው። ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከዐሥራ ሰባት፣ ከአርባ አንድ ሰከንድ። የሁለታችሁም ጥያቄ የገባው እኩል ነው።»

«እኩል ቢሆንስ?» አለች ሉባባ።

«ማሽኑ ሰነድ ሲጽፍ መጀመሪያ ረቂቅ ያስቀምጣል። የሰውየውን ማንነት በአንድ ገጽ፣ ውሳኔውንና የጤና ዕቅዱን በሌላ ገጽ። ውሳኔው ያለበት ገጽ ለሁለት ሰከንድ ያህል ብቻውን ይቀመጣል፤ ስም ይሰጠዋል። ስሙ የሚወጣው ከሰዓቱ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ። እናንተ በአንድ ሰከንድ መጣችሁ፤ ሁለት ረቂቅ፣ አንድ ስም ሆነ።» ባዶ መሳቢያ ስባ አሳየቻቸው። «ሁለት ጸሐፊዎች አንድ መሳቢያ እንደተሰጣቸው አስቡት። ያኛው ያስቀምጣል፣ ይሄኛው ያነሣል። ይሄኛው ያስቀምጣል፣ ያኛው ያነሣል። ስሙ ልክ ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም። የመጀመሪያ ገጻችሁ ትክክል ነው። የተለዋወጠው ሁለተኛው ነው።»

«ሰከንድ» አለ ሞገስ። «እኔ የላክሁት ሐዲድ ላይ ቆሜ ነው። ባቡር እየመጣ ነበር፤ ቶሎ ብዬ ነካሁት።»

«ስሙ ላይ የሰውየው መለያ ቁጥር ቢጨመርስ?» አለች ሉባባ። «የእኔ አባት ቁጥርና የእሱ አባት ቁጥር አንድ አይደለም።»

ፀዳለ ቀና ብላ አየቻት።

«አራት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ የጻፍኩት እሱኑ ነው። ለሁለት ሰከንድ ለሚኖር ነገር ረዥም ስም አያስፈልግም የሚል መልስ መጣ። ሁለተኛው መልስ ጉዳዩ እየታየ ነው ይላል። ሦስተኛው የሌላ ሰው የዓመት ፈቃድ ነበር፤ ደሴ ያለ ሰው። አራተኛው አልመጣም። ሌላ ሰው ጋ ደርሶ ይሆናል።»

«ስንት ሰው ነው እንዲህ የሆነው?»

«የምናውቀው የሚመጡትን ነው። ዘንድሮ እናንተ አምስተኛ ናችሁ።»

«የማይመጡትስ?»

ፀዳለ መሳቢያውን ዘጋችው። «ለምደውት ይሆናል» አለች።

የማረሚያ ጥያቄው በሁለት ሰሌዳዎች ላይ ተዘጋጀ። መመሪያው «ሁለቱም ኃላፊዎች በአንድ ጊዜ ያጸድቃሉ» ይላል። ሞገስ ጣቱን አነሣ። ፀዳለ እጁን ያዘችው።

«ኧረ ቆይ! በአንድ ጊዜ ስትነኩት ነው እዚህ የመጣችሁት።»

«መመሪያው…»

«መመሪያውን የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም። እሷ ትቅደም። አንተ ሠላሳ ቁጠር። ድምፅህን አሰምተህ ቁጠር።»

ከዚያ በእጇ፣ በቀስታ፣ በሁለቱ ረቂቆች ስም መጨረሻ ላይ አንዳንድ ቃል ጨመረች። አንዱ ላይ «ይማም»፣ ሌላው ላይ «ደምለው»። «ይሄ አይፈቀድም» አለች። «ግን ረቂቅ የሚያነብ ስለሌለ የሚከለክለኝም የለም።»

ሉባባ ነካችው። ሞገስ ቆጠረ። የሐዲድ ሰው ስለሆነ ሲቆጥር ድምፁ ትልቅ ነው፤ ባዶው ምድር ቤት አስተጋባው። ሠላሳ ብሎ ነካ። ፀዳለ ሁለቱንም ውሳኔዎች ከፍታ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሰው ውሳኔ ሲያነብ ሉባባ ከሰማች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር።

ከሕንጻው ሲወጡ ሞገስ «ይቅርታ» አላት። «አባቴ ክፉ ሰው አይደለም።»

«ክፉ ነው አላልኩም» አለችው። አባትህ እኔ ጋ ይቆዩ ብላ ግን አልጠየቀችም፤ እሱም አልጠየቃትም። እሱ ወደ ሐዲዱ ሄደ፤ ፈቃዱ የአንድ ቀን ብቻ ነበር። ሐሙስ ማታ ሉባባና አቶ ደምለው ሳይነጋገሩ ራት በሉ። እሳቸው ሳህናቸውን ራሳቸው አጠቡ።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መኪናዋ መጣች። ይማም ሙሄ ወረዱ። ግራ እጃቸው ታስሯል። አዲሱ ሸሚዝ አንገታቸው ላይ ሰፍቷል። ሉባባ ሮጣ አቀፈቻቸውና የታሰረው እጅ እንዳይነካ ትከሻቸውን ብቻ ይዛ ቀረች።

«አባ! አባዬ!»

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። ምን ሆንሽ?»

«ደምለው ካሳዬ» አለች መኪናዋ። «ይግቡ። አራት ደቂቃ አለዎት።»

አቶ ደምለው ኮታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

«እርስዎ ነዎት አቶ ደምለው?» አሉ ይማም።

«እኔ ነኝ።» አቶ ደምለው የታሰረውን እጅ አዩት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ልጅዎ በየቀኑ ስትንከራተት እያየሁ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ይማም ቤቱን፣ የተከፈተውን መስኮት፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ሰውየው ጠጋ አሉ።

«አልጋዎ ከበሩ ሦስተኛው ነው» አሉ። «መስኮቱ አይከፈትም ይሉዎታል፤ ይከፈታል፤ ታችኛዋን መቀርቀሪያ ወደ ውስጥ ይግፏት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ግቢው ውስጥ በምሥራቅ በኩል አንድ ግራር አለ፣ ቀድመው ይያዙት። ኡመር የሚባል የአፋር ሰው አለ፤ ገበጣ ይጫወታል። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ጠጠር ይሰርቃል።»

«እሺ» አሉ አቶ ደምለው። በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር። «ሦስተኛው አልጋ። ታችኛዋ መቀርቀሪያ። ግራሩ። ኡመር።»

«ጠጠሩን ይቁጠሩበት።»

«እቆጥራለሁ።»

ወደ ሉባባ ዞሩ። አንድ ነገር ሊሏት ፈልገው ነበር፤ መኪናዋ አንድ ደቂቃ ቀርቷል አለች። ጎንበስ ብለው እጅ ነሷትና ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሰሌዳው «ውሳኔው ተፈጽሟል» አለ። መኪናዋ ወደ ባቲ መንገድ ወጣች።

ይማም ምሳቸውን ሲበሉ ሉባባ አጠገባቸው ተቀምጣ እንጀራውን ቆርሳ ታቀርብላቸዋለች። ስለ ማረፊያው ብዙ አልተናገሩም። ምሳቸውን ሲጨርሱ «ዐሥራ አምስት ቀኑ መቼ ነው የሚያልቅለት?» አሉ።

«የማን?»

«የሰውየው። የመላመጃው።»

ሉባባ አሰበች። «ኅዳር 4። ቅዳሜ ነው።»

«ቅዳሜ ከሆነ ሥራ የለሽም። እንጠይቀው።»

«አባ፣ ሰውየው ልጅ የለኝም ብለው ዋሽተውኛል። አንተ እዚያ ወድቀህ እጅህ ሲሰበር እሳቸው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። አውቀው።»

ይማም የታሰረ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አመቻቹት።

«እኔን የወሰደችኝ መኪና በዚህ በኮምቦልቻ ነው ያለፈችው» አሉ። «አስፋልቱ ላይ ሆኜ ሰፈርሽን አየሁት። የመስጊዱን ሚናራ አወቅኩት። ቁሚ አልኳት፣ ልጄ እዚህ ናት አልኳት። ውሳኔው ሌላ ቦታ ነው አለችኝ። መስታወቱን በከዘራዬ መታሁት። ባቲን አለፍን። ሙቀቱ መጣ። ሉባባ፣ ያኔ መኪናዋ ተሳስታ የማላውቀው ሰው በር ላይ ብታቆመኝና አንዲት ሴት ይግቡ ብትለኝ፣ እኔም ዝም እል ነበር። ልጅ የለኝም እል ነበር።»

ሉባባ ሳህኖቹን አነሣች። አጠበች፣ አደረቀች፣ ቦታቸው መለሰች። ጓዳው ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። ስትወጣ አባቷ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ሰሌዳው ፊት ቆማ የጉብኝት ጥያቄ ከፈተች። የሚጎበኘውን ሰው ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑን ሞላች። የጎብኚዎቹን ቁጥር ሁለት አለች። ቀጥሎ «ከሚጎበኘው ሰው ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚል መጣ፤ ከሥሩ ምርጫዎች ተደርድረዋል። ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም፣ እህት፣ የልጅ ልጅ፣ ሕጋዊ ኃላፊ። ሁሉንም አንድ በአንድ አነበበች። መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚል አለ። እሱን ነካች። ሰሌዳው «ያብራሩ» አላት።

እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ዐሥራ አንድ ቀን ቤቴ ነበሩ።»